ስለ ወንድሜ የምረቃ ካባ

ለክቡር ዶክተር ራዳሜስ ኪንታና
የሜታዶን ክሊኒካችን ዳይሬክተር
ፖንሴ፣ ፖርቶ ሪኮ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ እኛ ከውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ድምፁን ብቻ የምንሰማው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ጽኑ ተስፋዬ ነው።

እኔ ሚግዳሊያ አልሴያ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለልጆች ሩዝና ባቄላ የማበስል፣ ሄሮይንን ከተውኩ ወዲህም በየማለዳው ከክሊኒክዎ መስኮት የሄሮይን አምሮቱን የሚያስታግስልኝን መድኃኒት፣ ሜታዶኔን፣ ጠጥቼ ወደ ሥራዬ የምሄድ ሴት ነኝ። ሰሞኑን «የመጪው ምረቃ እጩ» ተብዬ ስሜ በሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ሜታዶን ዕድሜ ልክ አይጠጣም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁሉም ሰው መጠኑ እየተቀነሰ ይመረቃል የሚል ደንብ ስላወጡልን እናመሰግናለን። በሬዲዮ ቀርበው «መድኃኒት ምርኩዝ ነው፤ የዳነ ሰው ይጥለዋል» ሲሉ ወጥ ቤት ሆነን ሰምተናል። የሥራ ባልደረባዬ ካርሚን ድንች እየላጠች «እሱስ መነጽሩን መቼ ነው የሚጥለው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄዋን የጎደለውን አክብሮት ጨምሬበት አስተላልፋለሁ።

ሁለተኛ፣ ወንድሜን ኔፍታሊን ስለመረቁልኝ። «ተዉኝ ዶክተር፣ ደህና ነኝ፤ መድኃኒቴን እየጠጣሁ በፀጉር ቤቴ የሰው ፀጉር እየቆረጥኩ ልኑር» ብሎ ሲለምንዎ «ይሄ ፍርሃት ነው» አሉት። ፍርሃትስ ነበር፤ የፈራው የሚያውቀውን ነው። እርስዎ ግን ጥቁር ካባ አለበሱት፣ ባለ ዘርፍ ቆብ ደፉለት፣ ኬክ አስቆረሱት፣ ፎቶውንም በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ሦስተኛው ስለ ሰላምታ ነው። እንደሚያውቁት፣ ወይም አንድ ማለዳ ከፎቅ ቢወርዱ እንደሚያውቁት፣ መድኃኒቱን የጠጣ ሰው በአፉ ይዞ እንዳይወጣ ነርሷ ፊት አንድ ነገር መናገር አለበት። ሌላው «ደህና ዋይ» ብሎ ይሄዳል። ኔፍታሊ ግን ለእናት እንደምንለው «ይባርኩኝ» ይላት ነበር፤ ነርስ አውሬያም «እግዜር ይባርክህ የኔ ልጅ፤ በል ሂድ፣ ሰልፉን አታስረዝምብኝ» ትለዋለች። ከተመረቀ በኋላም ለዚህች ቃል ብቻ ብሎ ባዶ አፉን ይዞ በየማለዳው ይመጣ ነበር። እርስዎ ግን ተመራቂ ከሰልፉ አጠገብ መታየቱ መጥፎ ምሳሌ ነው ብለው ከበር እንዲመለስ አዘዙ። ጥበቃው እንኳ አፍሮ «ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ተመርቋል ተባልኩ» አለው።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሄሮይኑን ወደሚያገኝበት ሰፈር ተመለሰ፤ ሰውነቱ ሄሮይኑን መቻል ትቶ ሳለ የድሮውን ያህል ተወጋ። ከፀጉር ቤቱ ጓሮ ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። በጣም ተቆጥቻለሁ፣ ዶክተር፤ ለቁጣዬ ጨዋ ቃል ባገኝለት ኖሮ እዚህ እጽፈው ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ይብቃኝ። ሁሉም ሰው እስከ መቃብር ይጠጣ አላልኩም። ጎረቤቴ ኔሬይዳ በራሷ ፈቃድ፣ በራሷ ጊዜ፣ ቀስ ብላ ተወችው፤ ደህና ናት፤ የደስታዋን ግብዣ ያበሰልኩትም እኔ ነኝ። እሷን ያስተዋት ግን ጊዜው እንጂ ሰሌዳ አይደለም። ያልደረሰበትን ሰው ካባ ማልበስን ግን ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉታል።

ስለዚህ ስሜን ከሰሌዳው እንዲያነሱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ዕድሜ ልኬን እጠጣ እንደሆነ አላውቅም። ነገ ማለዳ ግን እጠጣለሁ፤ ነርስ አውሬያንም ስለ ሁለታችን «ይባርኩኝ» እላታለሁ።

ከወንበርዎ ሳይመረቁ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምትመኝልዎ፣ ለምረቃ ክብር ያልበቃችና እንድትበቃም የማትሻ፣

አክባሪዎ ሚግዳሊያ አልሴያ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ የኔፍታሊ ካባ ለቀጣዩ ተመራቂ ስለሚፈለግ እንድመልስ ደጋግሞ አሳስቦኛል። ለጎረቤት ሊያሳይ ይዞት መጥቶ ነበር። ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረው የቀበርነው በእሱ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁመታችን እኩል ስለነበር ለእኔ ልክ ይሆነኝ ነበር።