ሻለቃው ከቤቱ እንዳይወጣ

ዛሬ፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ እኔ የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳይጫነኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ቢሆንም ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ራሴ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ከጻፈው ያለሰልስብኛል። ሦስት ምስክሮችና ሁለቱ ልጆቼ ይሰሙኛል። ባለቤቴ ሻለቃውም መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

አንደኛ። ቤቱና ማቅለሚያው ለሴት ልጄ ይሁን። የምሰጣት ግን አባቷን በሕይወት እስካለ ድረስ ከዚህ ቤት ማንም እንዳያስወጣው ብዬ ነው። የበኩር ልጄ፣ "እማዬ፣ መጦሪያ ቤት ይሻለዋል፤ እዚያ ሐኪም አለ፤ ይሄንን እንሸጠዋለን" ብሎኛል። እውነት ነው፣ ሐኪም አለ። አባትህ ግን ትናንትን ሲረሳ ይህን ቤት አልረሳም። ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ አሁን ስማ።

በጦርነቱ ጊዜ የዚህ ቤት ምድር ቤት ቁስለኞች የሚተኙበት ነበር። ከተማችን እንደተከበበች፣ ያኔ የጦራችን አዛዥ ለነበረው ለሻለቃው ከበላይ አለቆቹ በሬዲዮ፣ "እጅህን ስጥ፤ ቁስለኞቹንም አስረክብ" የሚል ትእዛዝ መጣ። ቀደም ሲል ጠላት በሌላ ከተማ የተረከባቸውን ቁስለኞች ዳግመኛ ያያቸው የለም። ሻለቃው፣ "በእግራቸው መሄድ ሲችሉ ራሳቸውን ጠይቋቸው" ብሎ ሬዲዮውን ዘጋ። ከወታደሮቹ መካከል ተስፋ የቆረጠ ነጭ ጨርቅ እንዳይሰቅል ብሎ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ፣ ያለሽን ነጭ አንሶላ ሁሉ ቀለም ውስጥ ክተቺ።"

"የደንበኞቼ ነው እኮ!"

"ከተረፍን እኔ እክሳለሁ።"

"ካልተረፍንስ?"

"ያኔማ ማን ይጠይቅሻል?"

ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከርኩት። ቀለም ያለ ጨው አይዝም፤ ጨዉን ግን ቀድመን በልተነው ነበር። ቁስለኞቹ ሲያልባቸው የለበሱት አንሶላ ቀለሙን ለቀቀባቸው። ከበባው ተሰብሮ የደረሰው ሐኪም ያን ሁሉ ሰማያዊ ፊት አይቶ፣ "አየር አጥሯቸዋል!" ብሎ ጮኸ። "ቀለም ነው ጌታዬ፤ በሳሙና እሻቸው" አልኩት። ከነዚያ አንዱ፣ ሰማዩ የምንለው፣ እዚህ ምስክር ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ስናገር፣ "ከጆሮዬ ጀርባ እስካሁን አልለቀቀም" ብሏል።

በእምቢታው አለቆቹ ማዕረጉን ገፈፉት። የሚያደንቁት ሰዎች ንግግር እንዲያደርግ ይጠሩት ነበር፤ ሲታመም ግን አንድ ሳህን ሾርባ ይዞ በሩን ያንኳኳ የለም። እሱ አንሶላውን ሊክሰኝ መጣ፤ ኪሱ ባዶ ስለነበር ቀለም ማማሰል ጀመረ። ይኸው አልሄደም።

ሁለተኛ። መጋዘኑ የበኩር ልጄ ይሁን፤ ቢሻው ይሽጠው። ልጄ፣ ተማሪ ሳለህ አባትህ እጁ በቀለም እንደተነከረ ሊወስድህ ቢመጣ፣ ለጓደኞችህ "ሠራተኛችን ነው" ብለሃቸዋል። እሱ ሰምቶ ሳቀ። እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅኩም። ቢሆንም ከሆዴ አልወጣህም፤ ምርቃቴ ከእህትህ አያንስብህም።

ሦስተኛ። ልጄ፣ አባትሽን "ብላ" አትበዪው፤ ትእዛዝ ከመሰለው አይነካውም። ሳህኑን አጠገቡ አስቀምጠሽ ዞር በዪ። እግሩ ሲበርደው አይናገርም፤ አንቺ ዳሰስ አድርጊው።

አራተኛ። በሠርጌ ቀን "ሙሽራዪቱ ጣቷ አይጠራም" ላለችው ለባሌ እህት፣ የሥራ ጓንቶቼ ይሰጧት።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ሻለቃው ከመስኮቱ ቀና አለ።

"ይሄ ሁሉ አንቺ ስትሞቺ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ልኖር?"

"አዎ።"

"ትእዛዝ ነው?"

"ትእዛዝ ነው፣ ሻለቃ።"

"እንግዲያው አልቀበልም" አለ።

ቆሞ የነበረው የበኩር ልጄ ወንበር ስቦ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ። መጦሪያ ቤቱን ከዚያ ወዲያ አላነሣም።

ተናዛዥ፦ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ።

ምስክሮች፦ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው፣ ልጆቼን ያዋለደችኝ አዋላጅና ሰማዩ ሰምተው ፈርመዋል።

ባል፦ ብዕሩን ተቀብሎ ኪሱ ከቶታል። አልፈረመም።