እትዬ መቀስ እና የወንድማቸው መድኃኒት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» እያለ የሚጠራቸው የልብስ ቆራጯ፣ ከጫማ ሠሪው አባታቸውና ከትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የተወለዱት እያለቀሱ ሳይሆን እየተቆጡ ነበር ይባላል፤ ያወቃቸው ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እናታቸው በሚያጸዱት ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ወለል ያቆሸሸውን ተማሪ ሁሉ ስም እየመዘገቡ ለእናታቸው ያቀርቡ ስለነበር ብዙ ጓደኛ አላፈሩም። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ተቀጠሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የቆራጮች ኃላፊ ሆኑ። ስልሳ ጨርቅ ተደራርቦ በአንዴ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ስህተት ማለት ስልሳ ስህተት ነው። ስለዚህ እትዬ መቀስ ሦስቴ ሳይለኩ አይቆርጡም፤ እሳቸው የቆረጡትን ደግሞ ሌላ እጅ እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

በ1976 ዓ.ም. በዚያው ድርጅት የስፌት መኪና ጠጋኝ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ዝምተኛ በመሆናቸው ትዳሩ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያለ ኮሽታ ዘልቋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን አንዲት ሴት ልጅም አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው ሲያገቡ፣ የሙሽራውን ሙሉ ልብስ የቆረጡት እትዬ መቀስ ነበሩ። ሹፌሩ ግን ሱሪው ሰፋብኝ ብለው በድብቅ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው በሁለት ጣት አስጠበቡት። እትዬ መቀስ በሠርጉ ዕለት ከአዳራሹ በር ላይ ሆነው አንዴ አዩ፣ ዐወቁ፣ ወጥተው ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድማቸውን ዘጓቸው። ዘመድ ቢማልድ፣ ጎረቤት ቢለምን ወይ ፍንክች። ወንድማቸው የሚነዱት አውቶቡስ ሲመጣ ፊታቸውን አዙረው የሚቀጥለውን ይጠብቁ ነበር፤ ዝናብም ቢሆን ያው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የቀኝ እጃቸው ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር፤ ዓይናቸውም አንዱን ክር ሁለት አድርጎ ያሳያቸው ገባ። ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ መሆኑን ነገሯቸው፤ የሰውነት መከላከያ ጠላት መስሎት የገዛ ራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ «ገመዱ እንደተላጠ ካውያ ሆኛለሁ» ይሉ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራቸውን ለማቆም ተገደዱ። መቀሱን ለተተኪያቸው ያስረከቡ ዕለት ቤት ገብተው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ይታከሙበት የነበረው ሆስፒታል አንድ ጥናት ጀመረ። የአንጀት ባክቴሪያዎች በሰውነት መከላከያ ላይ ተጽዕኖ ሳይኖራቸው አይቀርም በሚል፣ ከጤነኛ የቅርብ ዘመድ ሰገራ ባክቴሪያ ተወስዶ፣ በእንክብል ሆኖ ለሕመምተኛው ይሰጣል። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች ግን በዕጣ ባዶ እንክብል ይደርሳቸዋል፤ ማን የትኛውን እንደዋጠ ጥናቱ እስኪያልቅ ሐኪሙም አያውቅም። ልጃቸው በቅርቡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስለወሰደች ተሰረዘች፤ ባለቤታቸውን ጨጓራቸው ከለከላቸው። በዕድሜያቸው አንዲት ክኒን ያልቀመሱ የቅርብ ዘመድ ቢፈለግ የተገኙት ሹፌሩ ብቻ ሆኑ።

እትዬ መቀስ አሥራ አንድ ቀን አሰቡበት። በመጨረሻ ስልክ አንስተው «ከሰውነትህ የምፈልገው ነገር አለ፤ ነገ ሆስፒታል ና» ብለው ዘጉት። ሹፌሩ ኩላሊት መስሏቸው ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስደው፣ ሚስታቸውን ተሰናብተው፣ ፒጃማቸውን በሻንጣ ይዘው ከች አሉ። ነርሷ ነገሩን ስታስረዳቸው ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡና፣ «እንዴ እትዬ፣ ይኼንንማ በየቀኑ ነው የምደፋው» አሉ። እትዬ መቀስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በወንድማቸው ፊት ሳቁ፤ ሳቁ አልቆም ብሎ ነርሷ ውኃ አመጣችላቸው።

ሆስፒታሉ ለሰጪዎች የምግብ መመሪያ ቢሰጥም፣ አስፈጻሚዋ እትዬ መቀስ ነበሩ። ሹፌሩ ጮማ ተከለከሉ፣ ሲጋራቸውን ጣሉ፣ ጎመንና ባቄላ ወዳጃቸው ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርሻቸውን ለሆስፒታሉ አስረክበው እህታቸው ቤት ይውላሉ፤ ምን እንደበሉም አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። እትዬ መቀስም እንክብሉን ከጀመሩ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ሻያቸው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያደርጋሉ፣ ቀጠሮ ያረፍዳሉ፣ ያፏጫሉ። ስንገረም «እኔ አይደለሁም፤ የሱ ባክቴሪያዎች ናቸው» ይላሉ። በምርኩዝ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ደርሰው የሚመለሱባቸው ደህና ቀናትም ነበሯቸው፤ እጃቸው ግን መቀስ ወደ መያዝ አልተመለሰም። ሹፌሩ አውቶቡሳቸው ላይ ለተሳፈረው ሁሉ «እህቴ የምትራመደው በኔ ነው» እያሉ ይናገሩ እንደነበር ተሳፋሪዎች ይመሰክራሉ። ጥናቱ ካለቀ በኋላም ጎመኑንም ቅዳሜውንም አልተዉም።

እትዬ መቀስ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ። ለሁለት ሳምንት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን ረፋድ ላይ ወንድማቸው እጃቸውን እንደያዙ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዚያ በፊት ግን ልጃቸውን ጠርተው፣ ከሆስፒታሉ የጥናት ክፍል በ2008 ዓ.ም. የደረሳቸውን ደብዳቤና በግራ እጃቸው የጻፉትን ማስታወሻ ሰጧት። «ቀብሬ ላይ አንብቢለት፤ ሰው መሃል ስለሆነ ተነስቶ መሄድ ያፍራል» ብለው አዘዟት። ትእዛዛቸው ይፈጸም ዘንድ፣ ከፊት ለተቀመጡት ሹፌር ማስታወሻው እንዲህ ይነበባል፦

«እንክብሉ ባዶ ነበር። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ይኸው። ካንተ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ ወደኔ አልገባችም። ስኳሩም፣ ማርፈዱም፣ ሳቁም የራሴ ነው። ያልነገርኩህ፣ ሥራዬ አለቀ ብለህ ቅዳሜ ትቀርብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ዘጠኝ ዓመት የኮረፍኩህ እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት ስትናፍቀኝ የኖርኩትም እኔው ነኝ። ጎመኑን አሁን መተው ትችላለህ። ሲጋራውን ግን እንዳትነካ።»

እትዬ መቀስ አንድ ባለቤት፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ከመቀመጫቸው እንዳይነሡ የምንለምናቸውን አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ያኮረፍነውንም ሰው ምክንያት ሳንጠብቅ የምንጠራበትን ልብ ለሁላችን ይስጠን።