ከነጩ ሸራ ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ከሥራ ስትመለሺ ያምሽ የነበረው እግርሽስ ተሻለሽ? ብርዱስ ጋብ አለልሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቷ ለቀቅ አድርጓታል፤ እኔን መቆጣቱን ግን አላቋረጠችም።

የምጽፍልሽ ደስ የሚል ወሬ ነው። ሆኖም መካከሉ ላይ ያስደነግጥሻልና፣ ልጅሽ ሚጢጢ አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ እርሳስ እየቀረጸች መሆኗን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ስልክ በደወልሽ ቁጥር ሚጢጢ አልጋ ሥር የምትደበቀው ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶን ነበር። እናትሽ ኩርፊያ ነው አለች፤ እኔ ደግሞ ዓይን አፋርነት ነው አልኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ወሰድኳት። ፊልሙ በጓዳቸው በር ወደ ሌላ ዓለም ስለገባች ልጅ ነው። እዚያ ዛፎቹ ይራመዳሉ፣ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። የጠፋው አባቷም እዚያ ይኖራል፤ መመለሻ ግን የለውም። ሚጢጢ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ እንዲህ ያለ አገር የእውነት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ተማሪዎቼን ስል እንደኖርኩት፣ ሰው የሚያምነው አጣርቶ ነው አልኳት። ምን አናገረኝ!

መብራቱ ሲበራ የወደቀ መነጽሬን ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ወንበሯ ባዶ ነው። ስሟን እየጠራሁ በወንበሮቹ መሀል ሮጥኩ። ትኬት ቆራጯ መጸዳጃ ቤቱን፣ ዘበኛው ደረጃውን አሰሱ። ዘበኛው በእኔ በኩል ካለፈች ጢሜን ልላጭ እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፤ እኔ ለአንቺ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ነው የማስበው። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠራችን። ልጅሽ ፊልሙ ከሚታይበት ሸራ ጀርባ ሆና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በስንዝር ትለካለች፤ እንዳስተማርኳት፣ ምንም ሳትዘል።

«አባባ፣ በር የለውም። ሰዎቹም የሉም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እማዬም ስልኩ ውስጥ አይደለችም ማለት ነው?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከሄድሽ ወዲህ የምታይሽ በስልክ መስታወት ብቻ ስለሆነ፣ መውጫ በሌለው አገር የቀረሽ መስሏት ኖሯል፤ አልጋ ሥር የምትደበቀውም ስልኩ እሷንም እንዳያስቀራት ፈርታ ነው። ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ አንቺ ያለሽው ሰው በአውሮፕላን ሄዶ በአውሮፕላን የሚመለስበት አገር እንደሆነ አስረዳኋት። ቤት ስንደርስ ካርታ አስወጣችኝና በስንዝር ለካችው። «ቅርብ ናት» ብላ እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። በካርታ ላይ አንድ ስንዝር ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እናትሽ፣ ሰው ሳታርም ስታልፍ በሕይወትህ ይህ የመጀመሪያህ ነው አለችኝ።

እናትሽ ሹራብሽን እንዳታወልቂ ትልሻለች። ወንድምሽ አዲሱ ሥራው ተስማምቶታል፤ ሰላም ብሎሻል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም በብዙ ናፍቃሻለች። ሚጢጢ ደግሞ እሑድ ስትደውዪ ራሷ ልታነሣው ነው፤ የክፍልሽን በር ማየት ትፈልጋለች። አደራሽን፣ ከውስጥ ከፍተሽ አሳዪያት።

አባትሽ

ከቤታችን፣ ሰኞ ሰኔ ፯ ቀን