ገመዱን ይዤው ሄጃለሁ

ወንድሜ፣
ኮምፒውተሩን እንዳትነካው። ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ስለሆነ ቤቱን አታተራምስ።

ከወጣህ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ምድጃው መስሎኝ ነበር። ክፍልህ ስገባ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጀርባ ጭስ ይወጣል፣ ያ ለጌም ብለህ ያስገጠምከው ባለቀለም መብራት ግን እንደ ጉድ ያበራል። ገመዱን ስነቅል ሶኬቱ ቀልጦ ነበር። ግድግዳውም ይፋጃል፣ ትራስህን የምታስደግፍበት ግድግዳ።

ስንገዛ መብራቱ ይቅርና ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ደህናውን እንግዛ ብዬህ ነበር። ከሳጥኑ ጋር በነፃ የመጣው ይበቃል ብለህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። እኔም አልገፋሁበትም።

ኮምፒውተሩ ላይ የምትስለውን ፈረስ ሴቭ ማድረግህን ሳላይ ነው የነቀልኩት። እግሮቹን ጨርሰህ ነበር፣ አይቻቸዋለሁ። እንዴት ያምሩ ነበር።

ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው።
መስኮቱን አትዝጋ።
ዛሬ እኔ ክፍል ተኛ።

ትናንት ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ እንዳደረግክ እንቅልፍ ወስዶህ ስጠራህ አልሰማኸኝም። ይሄ ነገር ትናንት ሆኖ ቢሆን...
ይቅር፣ አልጽፈውም።

ስለ ፈረሱ ስመለስ የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ። ብቻ ኑርልኝና ተቆጣኝ።

እህትህ