ሙት መሬት ሕያው ያደረገ

ለአጎቴ ልጅ፣

አላህ ሕያው ያድርግህ። ደሴታችን ላይ ሁለት ሰው በተገናኘ ቁጥር የሚባባለውን ሰላምታ ነው የጻፍኩልህ፤ ወደብ ላይ ሰው ሁሉ ሲጣደፍ ሰላምታ ሳይቸግርህ አይቀርም ብዬ። ጤናህ እንዴት ነው? ከባድ ስታነሳ የሚይዝህ ትከሻህ ተሻለው? እኛ ምስጋና ለአላህ ደኅና ነን። ዓባይ በልኩ ሞልቶ በልኩ ጎደለ። የእናትህ መቃብር ዓርብ ዓርብ ውሃ ይረጭበታል፤ ማን እንደሚረጭ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከወንድሜ እርሻ በታች ያለውን አሸዋ ታስታውሰዋለህ? ትልቁ ሙላት ጥሎት ከሄደ ወዲህ ፍየል እንኳን አትረግጠውም። እሱን ላለማው ተነሣሁ። በወንድሜ ቤት የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ሚስቱ በቱልም ምላሷ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ግን በዚህ ዕድሜዬ «የእኔ» የምለው ቁራሽ መሬት አማረኝ። አሸዋውን በአህያ እየጫንኩ አወጣሁ፣ ከጎረቤታችን ከወድ ኑር የውሃ ፓምፕ ቦይ ጠለፍኩ፣ ባቄላ ዘራሁ። መንደሩ ሳቀብኝ። ወድ ኑር ራሱ «አንቺ ሲተና፣ አሸዋውን ስታረኪው ደግሞ ዓባይን አጠጪልን» ይለኝ ነበር። ባቄላው ሲያብብ ዝም አለና ሽማግሌ ላከብኝ። እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ኢሕያ፣ ሕያው ማድረግ፣ የምንለውን ቃል ታውቃለህ። ሌሊቱን በጸሎት ያነጋ ሰው ሌሊቱን ሕያው አደረገው እንላለን። የሟች ስም እንዳይረሳ ድግስ የደገሰም ስሙን ሕያው አደረገለት ይባላል። የመንደራችን ፈራጅ ሐጂ ሲር ግን ቃሉ ከሁሉ አብልጦ የሚገባው ለመሬት ነው ይላል፤ ሙት መሬት ሕያው ያደረገ ሰው መሬቱ የእርሱ ነው። ሴትም ብትሆን ብዬ ጠየቅሁት። «መሬት የቆፈረውን ሰው ጺም ዳብሶ አያጣራም» አለኝ። ታዲያ መሬቱ የእውነት ሙት መሆን አለበት። ሰው የተከለው ነገር በሕይወት ከተገኘበት ባለቤት አለው፤ የለፋው ሁሉ ለሌላ ይሆናል።

ሐጂ ሲርና ሽማግሌዎቹ አይተው ሊፈርዱልኝ ለሐሙስ ተቀጠሩ። በዋዜማው ጠዋት ዳር ዳሩን ስጠርግ መኮትኮቻዬ ጉቶ መታ። ምስጥ የበላው ደረቅ የቴምር ጉቶ ነው። ከሥሩ ግን ጣት የምታህል አረንጓዴ ቀንበጥ ወጥታለች። ለባቄላው ብዬ የለቀቅሁት ውሃ ነው የቀሰቀሳት። በቱል ምሳ ይዛልኝ መጥታ አየችና ወዲያው ገባት። «ንቀያት» አለችኝ። «ለአንድ ፍየል ጉርሻ የማትሆን ቅጠል ናት። ማንም አላየም፤ እኔም አላየሁም።» መኮትኮቻውን አነሣሁ። እጄ እምቢ አለኝ አልልህም፤ እጄማ ዝግጁ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የማን ጉቶ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እናትህ በድርሻዋ መሬት ላይ፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን ችግኝ እንደተከለች ልጆች ሆነን ትነግረን አልነበር? ቀንበጧን አጠጥቻት ወደ ቤት ሄድኩ። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ባቄላውን ዞረው አይተው አመሰገኑኝ። ሐጂ ሲር ዓይኑ ስለደከመ ጉቶውን አልፎት ሊሄድ ነበር፤ እኔው እጁን ይዤ ወሰድኩት። ጎንበስ ብሎ ዳሰሳት። «ይህ መሬት ባለቤት አለው» አለ ቀና ብሎ። «የአጎትሽ ልጅ ነው። በወጋችን ቴምሩ ሲያፈራ አንዱ እጅ ለመሬቱ፣ አንዱ ለተከለው፣ አንዱ ላጠጣው ነው። ያንቺ የውሃው ነው።» ወድ ኑር ከኋላ ሆኖ «በጋውን ሙሉ ለሰው ስትቆፍር ባጀች» ብሎ አሳቀብኝ። የወንድሜ ምላሽ ቆርቁሮት ነው፤ ወድ ኑር ለጋብቻ የላካቸውን ሽማግሌዎች ወንድሜ «በወጋችን ቅድሚያው የአጎቷ ልጅ ነው፤ እሱ የሚለውን ሳንሰማ አንድራትም» ብሎ መልሷቸው ነበር። ሐጂ ሲርም ሰውን ሁሉ አየት አየት አደረገና «እንግዲህ የአጎቷ ልጅ ይጠየቅ» አለ፤ ቀጥሎም «ስለ መሬቱ ነው የምለው።» ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መሬት ያጣ ሰው ሳቅ አልነበረም።

ፍርዱ እንዲህ ነው። የዘንድሮው ቴምር ተለቅሞ እስኪያልቅ መልስ ከላክህ ወይም ራስህ ከመጣህ መሬቱ የአንተ ነው። ዝም ካልክ ግን ባለቤቱ እንደተወው ተቆጥሮ ለእኔ ይጸናል። ስለዚህ ዝምታህ ይጠቅመኛል። ይህ ደብዳቤ ባይደርስህ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል፤ በቱል ጠዋት ማታ የምትነግረኝ ይህንኑ ነው።

አንዱን በጭነት መኪናው ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ምናልባት መንገድ ላይ ቢጠፋ ብዬ፣ ይኸው ያንኑ ገልብጬ በአንተ ወደብ በኩል ወደ ሐጅ በሚሄዱት ሴቶች እጅ ልኬዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፣ መንገድህን ያቅናልህ።

የአጎትህ ልጅ