ወጥ ቤት የነበረችው

እንደ እህቴ ለሆንሽው ጓደኛዬ፣

የወይዘሮ ተናኘወርቅ እጅ ከጣባው ተነስቶ ወደ አፋቸው ሲሄድ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። በቆጮ የተጠቀለለው ክትፎ በጣቶቻቸው መካከል ነበር፤ ቅቤው በአውራ ጣታቸው ላይ ሲወርድ አየሁት። «ይህን ከወጥ ቤት ማነው የላከው?» አሉ። አንቺ ምንጣፉን አየሽ። ከዚያ ቀና አልሽና፣ ወደ እኔ ሳትዞሪ፣ «ወጥ ቤት የነበረችው ሰልሚያ ናት» አልሻቸው፤ ለወደፊት አማትሽ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሦስት ወር ሆነ። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አላጣሁትም። እናቴ ያለ ሰላምታ የተጀመረ ደብዳቤ በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው ትላለች። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን አንኳኳሁ። እንደምን ከረምሽ? ጨጓራሽ ተሻለሽ? የአባትሽስ ጉልበት በረታ? ፋሲካን በሰላም ዋላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ አንድ ቦታ መቀመጥ ካለመቻሌ በቀር ነው። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ በሩን ለመዝጋት፣ አንዴ ለመክፈት፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን በእግርሽ ልትጨርሺው ነው» ትለኛለች።

ያረጋል የጂኦግራፊ ክፍሉን ትቶ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ነበር። ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ የመጣው ናፍቆኝ እንዳልሆነ ገና በበር ሲገባ አወቅሁ፤ ሲጨንቀው ጆሮውን እንደሚያሽ አንቺም ታውቂያለሽ። ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። ከዚያ መልእክትሽን አደረሰ። ሠርግሽ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የእጮኛሽ የነብዩ እናት ግን «ያቺ ልጅ ቀርባ ጥፋቷን ካላመነች እኔ እዚያ ሠርግ ላይ አልቆምም» ብለዋል። ስለዚህ እኔ መጥቼ፣ ፊታቸው ቆሜ፣ ድስቱ ተምታቶብኝ ነው እንድል ፈልገሻል። «አንድ ቃል እኮ ናት ሰልሚያ፤ ሰው ይሳሳታል፤ ብለሽ መገላገል ነው» አለኝ። «ቃሏን ማን አስጠናህ?» አልኩት። ጆሮውን አሸ።

መልሴን በእሱ አፍ መላክ አልፈለግሁም። ያረጋል ደግ ሰው ነው፤ ወልቂጤ እስኪደርስ አለስልሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እኔው ልጻፍልሽ።

ቅዳሜዎቻችንን ልርሳቸው ብዬ ሞክሬ አቅቶኛል። በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ አንቺ እንግሊዝኛ እኔ ኬሚስትሪ እያስተማርን፣ ስድስት ዓመት። ቅዳሜ ቅዳሜ ያረጋልና ራምዚ ይመጣሉ። ራምዚ መድኃኒት ቤት ይሥራ እንጂ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ቤት የታረደውን ይዞ ይመጣል። ያረጋል ደግሞ ከናንተ ሥጋ ቤት። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ አንድ ማዕድ። እኛ የክርስቲያን እጅ ያረደውን አንበላም፣ እናንተም የሙስሊም እጅ ያረደውን አትበሉም፤ ቆጮው፣ አይቡና ጎመኑ ግን የሁላችንም ነበር። እንዳይምታታ ብለሽ ከጥልፍ ሣጥንሽ ቀይ ክር አውጥተሽ በኛ ድስት ጆሮ ላይ ያሰርሽው አንቺ ነሽ። አባትሽ መሬት ቀያሽ ሳሉ ገመዱን ከችካል ጋር የሚያስሩበት ቋጠሮ ነው ብለሽኛል። ጫፉን ያወቀ በአንድ ስበት ይፈታዋል፤ ያላወቀ ቢላ ያነሳል። ራምዚ ድስት ባጠበ ቁጥር ክሩን እየቆረጠ ስንት ጊዜ ተቆጣሽው! ጫፉን ያሳየሽው ለእኔ ብቻ ነበር።

ክርክሩስ! ያረጋል «ክትፎ ማለት ጭቅና ነው፣ አለቀ» ይላል። ራምዚ «ጭቅና ጥርስ ለሌለው ሰው ነው፤ ክትፎ ታናሽ ይፈልጋል፣ ቢላውን የሚታገለው ሥጋ» ይላል። «አንተ ኪኒንም በኪሎ ነው አሉ የምትሸጠው» ይለዋል ያረጋል። «አንተ ደግሞ ሻኛን ካርታ ላይ ፈልገህ ያጣህ ጂኦግራፈር!» አንቺ «ሁለታችሁም ዝም በሉና ቢላ ሳሉ» ትያለሽ። እኔ ጅማቱ ካልወጣ ጭቅናም ገመድ ነው ያልኩ ዕለት ሁለቱም ተባብረው ሳቁብኝ። ሴት ስለ ሥጋ ምን ታውቃለች የሚል ሳቅ ነበር። ዓይኔን በነጠላሽ አሰራችሁና ቁራጭ ቁራጩን በእጄ እያስያዛችሁ ፈተናችሁኝ። ሽንጥ፣ ታላቅ፣ ወርች፤ አንዱንም አልሳትኩም። አራተኛውን ስይዘው በጣቶቼ መሐል ሟሸሸ። ያረጋል ከግቢያችን ዛፍ የበሰለ አቮካዶ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። «ይሄማ የያረጋል ጭቅና ነው» አልኩ። ራምዚ ሳቁ አንቆት ደጅ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲያ ቢላው የኔ ሆነ፤ የሁለቱንም ድስት የምከትፈው፣ በየራሱ ቢላ፣ እኔ ነበርኩ።

የቀለበትሽ ምሳ ዕለትም እንዲሁ። አባትሽ በሬ አሳረዱ፤ ያረጋል ሲያወጣጣው ዋለ፤ ራምዚ ለእኛ ለአምስቱ ሙስሊም እንግዶች ሦስት ኪሎ ታናሽ ይዞ መጣ። እኔ ከማለዳ ጀምሬ ከተፍኩ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወጥ ቤት ብቅ ብለው ሻሼን አዩ፣ ከዚያም ቢላ የያዘ እጄን አዩ። ኋላ «የሚያርደው ነው እንጂ የሚከትፈው እጅ ምን አለበት። እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን አልረሳሁትም። ዛሬም እሳቸውን መጥላት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የናንተ ድስት አለቀ። የነብዩ ዘመዶች በአንድ ሚኒባስ ይመጣሉ ሲባሉ በሁለት መጡ። እኔ የጎደለውን ቆጮ ላመጣ ጎረቤት ሄድኩ፤ ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ስመለስ የኛ ድስት ከመደርደሪያው ላይ የለም። ሳሎን ገባሁ። አንቺ ድስቱን ታቅፈሽ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ፊት ጎንበስ ብለሽ፣ «ይጨመርልዎ እንጂ እማዬ፣ በሞቴ!» እያልሽ በማንኪያ ትጨምሪላቸዋለሽ። ሁለት ጊዜ ጎርሰው ለሦስተኛው እየጠቀለሉ ነበር። የድስቱን ጆሮ አየሁት፤ ባዶ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ራምዚ ባዶ ጣባ ይዞ ከደጅ ገባ። «ጎበዝ፣ የኛ ክትፎ የት ተሰደደ? ታናሼን ማን ዋጠው?» አለ እየሳቀ። ሳቁ ብቻውን ቀረ።

የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

አልዋሸሽም። ወጥ ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ሦስት ወር ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ገልብጬ እንዳየኋት! አንድም የሐሰት ቃል የለባትም። ለዚህም ነው ማንም ሊመልሳት ያልቻለው።

ሳይመሽ ወልቂጤ ሰማ። መጀመሪያ «ተምታቶባት ነው» ተባለ፤ በማግስቱ «ሆን ብላ አበላቻቸው» ሆነ፤ በሳምንቱ ቀድሞም እንዲህ ታደርግ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ተገኘ። መምህራን ማረፊያ ቆሎ በሳህን ቀርቦ ሁሉም ይቆረጥማል፤ እጄን ስዘረጋ ሌላው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ቆሎ ታርዶ ያውቃል? አንቺ መስኮቱ አጠገብ ደብተር ታርሚ ነበር። ቀና አላልሽም። ርእሰ መምህሩ «ለራስሽ ሰላም ሲባል» ብለው የዝውውር ማመልከቻዬን አስተይበው ጠበቁኝ፤ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነበር። ፈረምኩ። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ወረቀቱን እዚያው እቀደው ነበር። ዝውውሩም እስካሁን ቦታ አልተገኘለትም። የሁለተኛ ዲግሪዬን ጠቅልዬ እዚህ ቡታጅራ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ቤት ለቤት አስጠናለሁ።

የኛ ሰዎችስ የማሩኝ ይመስልሻል? አጎቴ ከእንሴኖ ገበያ ሲመለስ እኛ ቤት ጎራ አለና ከዘራውን ሳያስቀምጥ «የሰው ሃይማኖት ሥጋ ውስጥ እጅሽን ምን አስገባው?» ብሎ ጮኸብኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና «አንተስ ለፋሲካ በሬ ስትሸጥላቸው እጅህን የት አስቀምጠህ ነው?» አለችው። ከዘራውን አስቀመጠ። እናቴን ያን ቀን ተነስቼ ሳምኳት። ሦስት ወር ሙሉ ለእኔ ብሎ አፉን የከፈተ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ያኔ ለምን አልተናገርሽም ትዪኝ ይሆናል። እጅሽን ስላየሁት ነው። ባዶውን የድስት ጆሮ በመዳፍሽ ሸፍነሽው ነበር፤ ነብዩ ደግሞ ከጎንሽ ቆሞ ነበር። ዛሬ ትቅለላት፣ ነገ እሷው ትናገራለች አልኩ። ነገ መጣ። ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ስልክ ደወልሽና ስለ ኪራይና ስለ ዝናቡ አውርተሽኝ፣ ልትዘጊ ስትዪ «ይረሳል እኮ ሰልሚያ» አልሽኝ። ረመዳን ገባ፤ ሱሑር ስበላም ኢፍጣር ስጠብቅም ያቺን «ይረሳል» እያላመጥኳት ከረምኩ።

እንግዳ ፊት ማዕድ ጎደለ መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ እናቴ እንግዳ ከሚጾም እሷ ብትጾም ትመርጣለች። ያመሰገኑትን ክትፎ ደግመው ሲሹ ድስቱ ባዶ መሆኑ እንዴት እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል። ግን «እማዬ፣ አልቋል፤ አይቡን ልጨምርልዎ» ብትያቸው ስቀው ነበር የሚያልፉት። ያን ያህል ክፉ ሴት አይደሉም። የበሉት ያላወቁትን ነው፤ ንስሐ ገብተው ጠበል የጠጡትም እውነታቸውን ነው። እምነታቸው ነው። የኔም ቢሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። በዚህ አልስቅም፣ አልፈርድም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በፍልሰታ ታይፎይድ ጥሎሽ፣ የናንተ ሥጋ ቤቶች ሁሉ ለጾሙ ተዘግተው፣ ሐኪሙ መረቅ ባዘዘልሽ ጊዜ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። ደብዳቤ ሌላ እጅ ይገባል። ያኔ ማንም ሳያስገድድሽ በጣትሽ ወደ እኛ መደርደሪያ ያመለከትሽውን እኔ ለራምዚ እንኳ አልተነፈስኩም፤ እስከ መቃብሬም አልተነፍስም። አትስጊ። ይህን ያነሳሁት ላስፈራራሽ አይደለም። የአንቺን ነገር ሦስት ዓመት እንዴት እንደያዝኩልሽ እንድታስቢ ነው፤ አንቺ የኔን አንድ ቀን እንኳ መያዝ ሲያቅትሽ።

አሁንም ተነስቼ ተመለስኩ። ዝናብ መጥቶ ልብስ ላስገባ ነው። ልጨርስ።

ወልቂጤ አልመጣም። ተምታቶብኝ ነው አልልም። ዓይኔን ታስሬ እንኳ ሽንጡን ከወርች የለየሁ ሰው ሁለት ድስት አይምታታብኝም፤ ይህን ያረጋልም ያውቃል፣ ለዚህ ነው ጆሮውን ያልለቀቀው። አንቺ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ የሆነውን በገዛ አፍሽ ከነገርሻቸው ግን፣ በዚያው ቀን ቢላዬን ስዬ እመጣለሁ። የሠርግሽን ሥጋ በሙሉ እከትፋለሁ፤ ጭቅናም ይሁን ታናሽ አልመርጥም።

ያን ዕለት ሁሉም ከወጣ በኋላ ወጥ ቤቱን የጠረግሁት እኔ ነበርኩ። ቀዩን ክር ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁት። እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌ ልኬልሻለሁ። ወደ ብርሃን አውጥተሽ ጫፍና ጫፉን እዪው። አልተቆረጠም።

አባትሽን ሳሚልኝ። ትዳርሽን አላህ ያሳምረው፣ ቤትሽን በልጅ ሳቅ ይሙላው። ማዕድሽ አይጉደል፤ ቢጎድልም ጎድሏል የምትዪበት አንደበት ይስጥሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ የማንንም የጎደለ ማዕድ በስሜ መሙላት አልቀበልም። የአንቺንም ቢሆን።

ወጥ ቤት የነበረችው
እህትሽ

ቡታጅራ