ወገቤን ውሸታም ሲሉት

ጥቅምት 4
ሆቴሉ ሞልቷል። የአንሶላው ክምር አያልቅም። እኔና ቀጮ የምንላት ልጅ ልብስ መተኮሻው ክፍል ጎን ለጎን ቆመን ስንተኩስ ዋልን። ቤት ስገባ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ አቃተኝ፤ ልጄ ፈታችልኝ። “እማ፣ ሥራው ይቅርብሽ” ትላለች። ይቅርብኝና ምን ልሁን? ግድግዳ ልጠብቅ?

ጥቅምት 9
ሐኪም ቤት። ሐኪሙ የወገቤን ራጅ አየና፣ “እናቴ፣ አጥንትዎ ደህና ነው” አለኝ። ታዲያ የሚያመኝ የማን ወገብ ነው? የጎረቤቴ? የሕመም ማስታገሻ ክኒኑንም ከለከለኝ፣ ጨጓራዬን ጨርሶታል። “ቁጭ ብለው ትንፋሽዎን የሚያዳምጡበት ክፍል አለ፤ ይሞክሩት።” ትንፋሽ! እህቴ ስንት ዓመት “ራስሽን አታዳምጪ” ስትለኝ ኖራ፣ አሁን ደግሞ አዳምጪ? ምነው አንዱን ቢመርጡልኝ!

ጥቅምት 10
ስቃትት አለቃችን ሰማችኝ። “ካልቻልሽ ተናገሪ፣ ሰው ሞልቷል።” ሰው ሞልቷል! እንደ አሮጌ ፎጣ ልትጥለኝ...
እሺ፣ ሐኪሙ ወዳለው የትንፋሽ ክፍል እሄዳለሁ። ለመዳን ግን አይደለም። እንደማይረባ አይቼ ለሐኪሙ ፊት ለፊት ልነግረው።

ጥቅምት 15
ሄድኩ። አስተማሪዋ ልጄን ታክላለች። ለምን እንደመጣን ጠየቀችን። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር “ሚስቴ አስመሳይ ስላለችኝ” አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ “ተናድጄ ነው” አልኩ። “እኔስ እትዬ! ያመጣኝ ንዴት እንጂ ወገቤ መቼ ሆነ!” አለ ሹፌሩ። ያኔ ተሳቀ።
ከዚያ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ... ወገቤ እንደሆነ ያው ነው።

ጥቅምት 22
ደግሞ ሄድኩ። ለምን? እኔንጃ... እዚያ ያመኛል ስል “እውነትሽን ነው?” የሚለኝ የለም።

ጥቅምት 25
ጉድ! ዛሬ እየተኮስኩ ትንፋሼን ብፈልገው፣ የለም። ለካ እንፋሎቱ ፊቴን እንዳይመታኝ ካውያውን በጫንኩ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ፣ ወገቤን ገትሬ ነው የኖርኩት። የአለቃችን ኮቴ ሲሰማ ደግሞ ጭራሽ እንጨት ነኝ። የትራስ ልብስ እንኳ ቆማችሁ ተኩሱ ያለን ማነው? ለምን?

ኅዳር 3
ያመኛል። “ተሻለሽ” የሚለኝ እንዳይኖር። ዛሬ ግን ከዕቃ ክፍሉ ረጅሙን ወንበር ጎትቼ አመጣሁና የትራስ ልብሱን ቁጭ ብዬ ጀመርኩ።
“ምንድነው ይኼ?” አለች አለቃችን።
“ወንበር።”
“እዚህ ቁጭ ብሎ የተኮሰ የለም!”
ትንፋሼን ሳብ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅ። “ወገቤን ያመኛል” አልኳት። ድሮ ይኼን ስል ድምፄ ይለማመጥ ነበር። ዛሬ አልተለማመጠም። ትክ ብላ አየችኝና ሄደች። የምታመጣውን እናያለን።
ቀጮ ካውያዋን አቁማ ስታየን ነበር። ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣
“እትዬ... ሌላ ወንበር አለ?”